ዋጋ ሲያዘግም ምን እንላለን?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ የምጣኔ ሀብት ዜና ማቅረብ ከጀመርኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በየምሽቱ የዶላርን፣ የቡናንና የወርቅን ዋጋ በሦስት ደቂቃ እናገራለሁ። የሚያስቸግረኝ ግስ ነው። ዋጋ በአንድ ቀን ዱብ ሲል ወይም ሲሰቀል አልቸገርም። ብዙውን ቀን ግን የሚሆነው እንዲህ አይደለም፤ ትንሽ ይጨምራል፣ ትንሽ ይቀንሳል፣ ወይም ለሳምንታት በአንድ አቅጣጫ ያዘግማል። አዘጋጄ ደግሞ በአንድ ዜና ውስጥ አንድ ግስ ሁለት ጊዜ እንዲደገም አይወድም። ስለዚህ አሻቀበ፣ ናረ፣ አሽቆለቆለ እያልኩ እዞራለሁ። ባለፈው ሰሞን አንድ አድማጭ ደውለው ‹አንቺ ልጅ፣ ትናንት አሻቀበ አልሽ፣ ዛሬ ናረ አልሽ፤ ባንክ ሄጄ ባየው የጨመረው ዐሥር ሳንቲም ነው› አሉኝ። መልስ አጣሁ። ‹ቀስ በቀስ› የሚለውን በየዓረፍተ ነገሩ ከመሰንቀር ሌላ ምን መላ አለ?
ግስ ያለቀባት፣ ከአዲስ አበባ»

እኅቴ፣ የደወሉልሽ ሰው ውለታ ነው የዋሉልሽ። ዐሥር ሳንቲምን «ናረ» ያለ ዘጋቢ፣ ዶላሩ በእውነት በናረ ቀን የሚናገረው ያጣል፤ ያን ቀን ደግሞ አድማጩ አያምነውም።

አማርኛ የዝግታ ግስ አጥቶ አይደለም የተቸገርሽው። የዜና ክፍሎቻችን በአራት ግሶች ላይ ተጣብቀው ስለቀሩ ነው፤ ሦስቱን አንቺው ጠቅሰሻቸዋል፣ አራተኛው «ዋዠቀ» ነው። ገበያ ውስጥ የሚውል ሰው እነዚህን ሲጠቀም እምብዛም አትሰሚውም። ነጋዴው «ዛሬ ጨመር ብሏል» ይላል፤ «ሰሞኑን ቆሟል»፣ «ከሰኞ ወዲህ ወረድ ብሏል»፣ «ገበያው ቀዝቀዝ ብሏል» ይላል። ገንዘቡ የራሱ ስለሆነ መጠኑን አያጋንንም፤ ካጋነነ በማግስቱ ዋጋ ሲጠይቁት ይጋለጣል።

እስቲ አራቱን በየልካቸው እናስቀምጣቸው። «አሻቀበ» ውስጡ ሽቅብ አለ፤ ዳገት መውጣት ነው። ረዘም ያለ ጊዜና ዓይን የሚገባ ከፍታ ይፈልጋል። «አሽቆለቆለ» ቁልቁለቱን ይዟል፤ አንድ ቀን ወርዶ በማግስቱ የተመለሰ ዋጋ አላሽቆለቆለም። «ናረ» ከወትሮው ልክ ያለፈ ነገር የሚገለጽበት ነው፤ የወትሮው ልክ ስንት እንደነበር ካልተናገርሽ ግሱ ባዶ ጩኸት ይሆናል። «ዋዠቀ» ደግሞ አንድ አቅጣጫ የሌለው፣ ወዲያና ወዲህ የሚል ነገር ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ጥቂት ሳንቲም ሲጨምር የሰነበተን ተመን «ዋዠቀ» ማለት ሐሰት መናገር ነው፤ ነገር ግን በየጋዜጣው ታነቢዋለሽ፤ ምክንያቱም «ዋዠቀ» ሲባል ነገሩ የተጠና ስለሚመስል ነው።

ዝግታን አሳንሰሽ እንዳታዪው። የብርን ታሪክ ብቻ ብትመለከቺ ይበቃሻል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. መጨረሻ ብሔራዊ ባንክ የብርን ተመን ሲያወርድ አንድ ዶላር ከ13 ብር ከ60 ሳንቲም ገደማ ወደ 16 ብር ከ35 ሳንቲም ገደማ ወጣ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. መጀመሪያ እንደገና ሲያወርደው ከ23 ብር ከ40 ገደማ ወደ 26 ብር ከ90 ገደማ ደረሰ። ሁለቱም ቀኖች የፊት ገጽ ዜና ነበሩ፤ በሁለቱም ሰሞን ሸማቹ ሱቅ እየዞረ ዋጋ ሲጠይቅ ሰነበተ። አሁን በሁለቱ ቀኖች መካከል ያለውን ተመልከቺ። ዶላርን ከ16 ብር ከ35 ወደ 23 ብር ከ40 ያደረሰው ማን ነው? ሰባት ዓመት ሙሉ በሳንቲምና በሳንቲም ክፍልፋይ የሄደ ጭማሪ ነው። ሲደመር 43 በመቶ ገደማ ይሆናል። የመጀመሪያው ዝላይ 20 በመቶ ገደማ፣ ሁለተኛው 15 በመቶ ነበር፤ አንዱ በሌላው ላይ ተባዝተው እንኳ 38 በመቶ ናቸው። ያ ሁሉ ወሬ ከተወራባቸው ሁለት ቀኖች ይልቅ ማንም ልብ ያላለው ዝግታ የበለጠ ወስዷል። በየምሽቱ የምትናገሪያት የዐሥር ሳንቲም ዜና የዚህ ዓይነቱ ጉዞ አንዷ እርምጃ ልትሆን ትችላለች። ስለዚህ ልትዘያትም ልታጋንኛትም አይገባም፤ ከየት ተነስታ የት እንደደረሰች ንገሪን።

ይህን ለመናገር አማርኛ ከሰጠን ነገር ሁሉ የሚበልጠው፣ ዘጋቢዎች ግን የማይነኩት፣ የጊዜ ግስ ነው። «ዋለ»፣ «አደረ»፣ «ሰነበተ»፣ «ከረመ»፣ «ኖረ»። ሰው ስንገናኝ የምንጠያየቅባቸው ግሶች ናቸው፤ እንዴት ዋልሽ፣ እንዴት ሰነበትሽ፣ እንዴት ከረምሽ። እያንዳንዱ ያለፈውን ጊዜ ርዝመት በራሱ ተሸክሟል። ለዋጋም እንዲሁ ያገለግላሉ። «ቡና በኒው ዮርክ ሲቀንስ ዋለ» ካልሽ፣ ከጠዋት ጀምሮ እስከ መዝጊያው እንደወረደ፣ ያለ አንድ ተጨማሪ ቃል፣ ነገርሽን። «ዶላር ሲጨምር ሰነበተ» ካልሽ ቀናትን፣ ምናልባት ሳምንታትን አወቅን። «ክረምቱን በሙሉ ሲቀንስ ከረመ» ካልሽ ወራትን። «ብር ለዓመታት ሲዳከም ኖረ» ሌላ ነው። «ተመኑ ትናንት በነበረበት አደረ» ብትዪ ደግሞ ለውጥ አለመኖሩን በአንድ ግስ ትጨርሺዋለሽ። «ቀስ በቀስ»ን በየቦታው የምትሰነቅሪው እነዚህን ስለተውሽ ነው። ዝግታው ያለው ግሱ ውስጥ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ባንኮቻችን ብዙ ጊዜ የዕለቱን ተመን ጠዋት ይለጥፉና እርሱው ይውላል። ስለዚህ «ዶላር ሲጨምር ዋለ» ከማለትሽ በፊት በዕለቱ ውስጥ በእርግጥ የተለወጠ ነገር መኖሩን አጣሪ። ከትናንት ጠዋት እስከ ዛሬ ጠዋት የተለወጠ ነገር «ከትናንቱ ጨምሮ ዋለ» ነው የሚባለው። «ሲጨምር ዋለ» እና «ጨምሮ ዋለ» በጥቂት ፊደል ቢለያዩም፣ የመጀመሪያው ቀኑን ሙሉ የሄደ፣ ሁለተኛው አንዴ ተለውጦ የቆመ ነው።

ቀጥሎ «መጣ» እና «ሄደ» አሉ። «እየጨመረ መጣ» እና «እየጨመረ ሄደ» አንድ አይደሉም። «እየጨመረ መጣ» ወደ እኛ፣ ወደ ዛሬ የሚቀርብ ነው፤ አድማጩ ነገሩ ገና እንዳላበቃ ይሰማዋል። «እየቀነሰ ሄደ» ከነበረበት ቦታ የሚርቅ ነው፤ ያለፈ ታሪክ ስትተርኪ ይስማማል። ስለ 2002 እና 2010 መካከል ስታወሪ «የብር አቅም እየቀነሰ ሄደ»፣ ስላለንበት ወር ስታወሪ «ጭማሪው እየፈጠነ መጣ» ትያለሽ። «እየጨመረ ይገኛል» የምትባለዋ የቢሮ ቋንቋ ግን ከሁለቱም አይደለችም፤ መቼ እንደጀመረም ወዴት እንደሚሄድም አትነግረንም። ከቻልሽ ተያት።

ከዚያ የ«አለ» ግሶች። ጨመረና ጨመር አለ፣ ቀነሰና ቀነስ አለ፣ ወረደና ወረድ አለ፣ ቀዘቀዘና ቀዝቀዝ አለ። የኋለኛው በእያንዳንዱ ጥንድ ላይ ትንሽነትን ይጨምራል። አያትሽ «ትኩሳቱ በረድ አለለት» ሲሉ ድኗል ማለታቸው አይደለም። እኔ ብሆን ከአንድ በመቶ በታች ለሆነ ለውጥ ሁሉ ይህንን ቅርጽ እንደ ልማድ እይዘው ነበር። «ቡና ዛሬ ወረድ ብሎ ዋለ»፤ አለቀ። ሲደጋገም ደግሞ «ከፍ ከፍ አለ»፣ «ዝቅ ዝቅ አለ» ይሆናል፤ በየደረጃው የሚሄድ እንቅስቃሴ ነው። «ፈቅ አለ» የሚለውን ግን በአሉታ ብቻ ተጠቀሚበት፤ «ዋጋው ከሳምንት ወዲህ ፈቅ አላለም» ሲባል ያምራል፤ «ዋጋው ፈቅ አለ» ሲባል ጆሮ ይከለክላል።

«ጋብ አለ» እና «ረገብ አለ» ብቻቸውን ሊቆሙ ይገባል፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነውና። ዝናብ ጋብ አለ ስንል ወደ ሰማይ ተመለሰ ማለታችን አይደለም፤ የሚወርድበት ኃይል ቀነሰ ማለት ነው። የዋጋ ግሽበትም እንዲሁ ነው። በ2014 ዓ.ም. ግሽበቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ከ20 በመቶ በታች ወረደ። ይህ ሲነገር «የዋጋ ንረት ቀነሰ» ይባላል፤ እናት ቤት ውስጥ ሆና ስትሰማው «ዋጋ ቀነሰ» ነው የምትሰማው፤ ወደ ገበያ ትወጣለች፤ ከዚያ ተመልሳ ሬዲዮኑን ትረግማለች። በቁጥር ብናየው፣ በ100 ብር የምትገዛው ነገር በአንድ ዓመት 30 በመቶ ጨምሮ 130 ብር ይሆናል። በቀጣዩ ዓመት ግሽበቱ በግማሽ ወርዶ 15 በመቶ ሆነ እንበል። ዕቃው አሁን 149 ብር ከ50 ነው። ግሽበቱ ወረደ፤ ዕቃው ግን 19 ብር ከ50 ጨመረ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ስለዚህ ዜናሽን እንዲህ አድርጊው፦ «ዋጋ መጨመሩን አልተወም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ግን ካለፈው ዓመት ረገብ ብሏል»። ረዘመ ብሎ አዘጋጅሽ ቢያጉረመርም ይታገሥሽ።

በነገራችን ላይ «ንረት» የሚለው ስም ራሱ ከ«ናረ» የተወለደ ነው። «የዋጋ ንረቱ ናረ» የሚል ርዕስ ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ። ዝግ ላለ ጭማሪ «ግሽበት» ይሻላል።

ማን ከማን ጋር እንደሚሄድም አስተውዪ። ክምችት ይመናመናል፤ የመግዛት አቅም ይሸረሸራል፤ አቅርቦት ይሳሳል፤ ፍላጎት ይቀዘቅዛል፤ ገንዘብ ይዳከማል፤ ዋጋ ግን ይቀንሳል ወይም ይወርዳል እንጂ አይዳከምም፣ አይመናመንም። እነዚህ ሁሉ በባሕርያቸው የዝግታ ግሶች ናቸው። «የውጭ ምንዛሪ ክምችቱ በአንድ ቀን ተመናመነ» ማለት አይቻልም፤ መመናመን ጊዜ ይወስዳል። «አገገመ» እና «አንሰራራ» ደግሞ መጀመሪያ የወደቀ ነገር ይፈልጋሉ። «ብር አገገመ» የሚል ሰው ከየት ወድቆ፣ የቱን ያህሉን እንዳስመለሰ ካልነገረን ምንም አላወራልንም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ማን አወረደው? ግስሽ ባለቤት አለው ወይስ የለውም? በጥቅምት 2010 ብር በራሱ አልወረደም፤ ብሔራዊ ባንክ አወረደው። «ብር በ15 በመቶ ወረደ» ብሎ መጻፍ ወሳኙን አካል ከዓረፍተ ነገሩ ማባረር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ነው፤ መንግሥት ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ፈቀደ፣ ባንኮችም በዚያው ቀን አዲስ ዋጋ አወጡ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የዶላር መግዣ ዋጋ ከ57 ብር ከ50 ገደማ ወደ 74 ብር ከ74 ዘለለ። «ዘለለ» ያልኩት አስቤበት ነው፤ በመካከል የቆመበት ደረጃ ስለሌለ «አሻቀበ» አይሆንም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ዶላር ከ100 ብር በላይ የወጣበት ግን «አሻቀበ» ቢባል ሐሰት የለውም፤ በየቀኑ የተወጣ ዳገት ነበር። ከዚያም ሲረጋጋ፣ በሳንቲም ሲሄድ፣ «ጨመር ጨመር ሲል ሰነበተ» ወደሚለው ትመለሻለሽ። ስለ አንድ ምንዛሪ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ሦስት የተለያዩ ግሶች አስፈለጉን ማለት ነው።

እዚያው ቀን ላይ ሌላ ስሕተት ተሠርቶ ነበር፤ ዛሬም ይሠራል። «ብር 30 በመቶ ወደቀ» ተባለ። ከ57 ብር ከ50 ወደ 74 ብር ከ74 ሲኬድ 30 በመቶ የጨመረው ዶላር ነው፤ ብር ያጣው ግን 23 በመቶ ነው። በጥቅምት 2010ም ዶላር 15 በመቶ ሲጨምር ብር ያጣው 13 በመቶ ነበር። ዶላር በ100 በመቶ ሲጨምር ብር ያጣው ግማሹን ነው እንጂ ሁሉንም አይደለም፤ ይህን ካሰብሽ ልዩነቱ ይገባሻል። መላው ቀላል ነው፤ በመቶኛ ስትናገሪ የተንቀሳቀሰውን ነገር ባለቤት አድርጊው። «ዶላር በ30 በመቶ ጨመረ»። የወለድ ምጣኔ ከ20 በመቶ ወደ 15 በመቶ ሲወርድም «በ5 በመቶ ቀነሰ» አይባልም፤ የቀነሰው 5 መቶኛ ነጥብ ነው፤ 5 የ20 ሩብ ስለሆነ በመቶኛ ከተባለ 25 በመቶ ነው።

«ተከትሎ» የምትባለዋን ቃልም በጥርጣሬ እዪልኝ። «የብራዚልን ድርቅ ተከትሎ ቡና ጨመረ»። በኋላ መጣ ነው ወይስ በዚያ ምክንያት ነው? ምክንያቱ ከታወቀ «በብራዚል ድርቅ ምክንያት» በዪ፤ ካልታወቀ ዋጋውን ተናግረሽ ዝም በዪ። በዝግታ በሚሄድ ገበያ ላይ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ምክንያት መፈለግ የዘጋቢ በሽታ ነው፤ የዐሥር ሳንቲም ለውጥ ብዙ ጊዜ ስም የሚሰጠው ምክንያት የለውም።

ቡና ካነሳን «አሻቀበ» በሚገባ የሚቀመጥበትን ቦታ ላሳይሽ። በጎርጎርዮሳዊው 2024 መጀመሪያ የአረቢካ ቡና በኒው ዮርክ አንዱ ፓውንድ ከ2 ዶላር በታች ነበር። ዓመቱን ሙሉ፣ ብራዚል በድርቅ እየተጎዳች፣ ደረጃ በደረጃ ወጣ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በ1977 እንደ አውሮፓውያን የተመዘገበውን፣ 47 ዓመት ያልተደፈረውን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ከሁለት ወር በኋላ 4 ዶላርን አለፈ። ይህ ዳገት ነው። መነሻ አለው፣ ጊዜ አለው፣ ጫፍ አለው። በዚያው ዓመት ውስጥ ግን ዋጋው የወረደባቸው ብዙ ቀኖች ነበሩ፤ ያን ቀን «ቡና አሽቆለቆለ» ያለ ዘጋቢ ገበሬውን አሳስቷል። «ከአቀበቱ ለአንድ ቀን መለስ አለ» ማለት ይቻል ነበር። አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ፤ የጅማና የይርጋጨፌ አድማጭሽ በፓውንድ አይሸጥም። የምርት ገበያችን መለኪያ 17 ኪሎ የሚይዘው ፈረሱላ ነው፤ አንዱ ፓውንድ ደግሞ ግማሽ ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ስለ አክሲዮን አልጠየቅሽኝም፤ ግን ነገ ዛሬ መጠየቅሽ አይቀርም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ወጋገን ባንክ ነበር። በጀማሪ ገበያ የአንድ አክሲዮን ዋጋ ለቀናት ሳይለወጥ ሊቆይ ይችላል፤ የሚሸጥም የሚገዛም ስለጠፋ ብቻ። ያን «ረጋ» ወይም «የተረጋጋ ዋጋ» እንዳትዪው። የረጋ ዋጋ ብዙ ሰው እየገዛና እየሸጠ ሳለ በቦታው የቆየ ነው። ግብይት ሳይኖር የቆመውን «ግብይት ስላልተካሄደበት ባለበት ቆይቷል» በዪው። እንዲሁም አንድ ግብይት ዋጋውን ከፍ ስላደረገ «እየጨመረ ነው» አይባልም፤ «እየ» የምትለዋ ቅጥያ ቢያንስ ሁለት ሦስት ተከታታይ ለውጥ ትፈልጋለች።

ይህን ሁሉ ካልኩ አይቀር በአንድ ዜና ላይ እንሞክረው። ቁጥሮቹ ለልምምድ ብቻ የተቀመጡ ናቸው። ሰኞ ዶላር 134 ብር ከ20 ሳንቲም፣ ዓርብ 134 ብር ከ65 ሳንቲም ነው እንበል። በተለመደው አካሄድ እንዲህ ትጽፊያለሽ፦ «የዶላር ዋጋ በዚህ ሳምንት ማሻቀቡን ቀጥሏል። ዛሬ 134 ብር ከ65 የደረሰው ዶላር ከጊዜ ወደ ጊዜ እየናረ ይገኛል»። ይህን የሰማ ሰው ጎረቤቱን ጠርቶ ዶላር ግዛ ይላል። የሆነው ግን የ45 ሳንቲም ለውጥ ነው፤ በመቶኛ 0.3 ገደማ። «ከጊዜ ወደ ጊዜ» ደግሞ ከየትኛው ጊዜ ወደ የትኛው እንደሆነ አይነግረንም። እኔ እንዲህ እለው ነበር፦ «ዶላር ሳምንቱን በየቀኑ በጥቂት ሳንቲም ጨመር ሲል ሰንብቶ ዛሬ 134 ብር ከ65 ሳንቲም ዋለ። ከሰኞው የ45 ሳንቲም ጭማሪ ነው»። ከቻልሽ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ጨምሪና ከአንድ ወር በፊት ስንት እንደነበር ንገሪን። ጭማሪው ወሩን ሙሉ በዚሁ ፍጥነት የሄደ ከሆነ ያኔ ዜና አለሽ፤ ካልሆነም አድማጭሽ በሰላም ያድራል።

ወደ አዘጋጅሽ ልመለስ። ግስ አይደገም የሚለው ሕግ የመጣው ከትምህርት ቤት ድርሰት ነው፤ ለገበያ ዜና አይሠራም። ዶላርም ቡናም ጨምረው ከሆነ ሁለቱንም «ጨመረ» በያቸው። አንዱን «ጨመረ»፣ ሌላውን «አሻቀበ» ካልሻቸው አድማጩ ቡናው የበለጠ ጨመረ ብሎ ይረዳል፤ ለጆሮ ጌጥ ብለሽ የለወጥሽው ቃል መረጃ ሆኖ ይወጣል። አዘጋጅሽ ካልተስማማ የአሜሪካን ማዕከላዊ ባንክ ታሪክ ንገሪው። ከ2004 እስከ 2006 እንደ አውሮፓውያን ባንኩ ወለዱን 17 ጊዜ ሲጨምር፣ ሁልጊዜ በሩብ መቶኛ ነጥብ፣ ከ1 በመቶ ወደ 5.25 በመቶ አደረሰው። በመግለጫዎቹ ላይ አካሄዱ «በተመጠነ» ፍጥነት እንደሚሆን የምትናገር አንዲት ቃል ነበረች፤ ስብሰባ በመጣ ቁጥር ደጋገማት። የገበያ ሰዎች የሚጠብቁት ቃሏ አለች ወይስ ወጣች የሚለውን ነበር፤ በ2006 መጀመሪያ ከመግለጫው ስትወጣም ብዙ ተባለላት። ለውበት ብሎ በየስብሰባው ተመሳሳይ ቃል ቢቀያይር ኖሮ ገበያው በየስድስት ሳምንቱ በተደናገጠ ነበር። መድገም የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን የሚፈለግበት ጊዜ አለ በዪው። አሻፈረኝ ካለ ግሱን ትተሽ ስሙን ለውጪ፤ «ጭማሪ»፣ «ልዩነት»፣ «ከሰኞው በ45 ሳንቲም ብልጫ» እያልሽ።

ለሦስቱም ዋጋዎች አንድ ገጽ አዘጋጂ፤ የዛሬ፣ የትናንት፣ የዛሬ ሳምንት፣ የዛሬ ወር፣ የዛሬ ዓመት። ግስ ከመምረጥሽ በፊት ወደዚያ ገጽ ተመልከቺ። ከትናንቱ ብቻ የተለወጠ ከሆነ «ጨመር አለ»፤ ሳምንቱን ከሄደ «ሰነበተ»፤ ወራቱን ከሄደ «ከረመ»፤ የዓመቱ ዓምድ ላይ ትልቅ ልዩነት ካለ አሻቀበና አሽቆለቆለ በራቸው ክፍት ነው።

ወርቅን ረስቼው አይደለም። የዝግታ ምክሬ ሁልጊዜ ለእርሱ አይሠራም። በጎርጎርዮሳዊው 2025 መጀመሪያ አንዱ አውንስ ከ2,700 ዶላር በታች ነበር፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ 4,000ን ተሻገረ። «ናረ»ን ለእርሱ አስቀምጪለት።